ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፦ የምክር ቤትን ቋንቋ ለሚማር ሰው ምን ያህል ይበቃል?

በዜና «ምክር ቤቱ ረቂቅ አዋጁን ለዝርዝር እይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ መራ» ሲባል ሕጉ የወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ገና ነው። «መራ» ማለት ጉዳዩን ለኮሚቴው አስተላለፈ ማለት እንጂ አጸደቀ ማለት አይደለም። እንዲህ ያሉትን ቃላት በቦታቸው ለመልመድ ሕጉ ራሱ ከሚታተምበት ከፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የሚሻል ማስተማሪያ የለም። ጉድለቶቹን ግን አውቆ መግባት ያስፈልጋል።

ስሙ የመጣው በጥንት ዘመን አዋጅ ሲነገር ይመታ ከነበረው ከበሮ ነው። የፌዴራሉ ጋዜጣ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ሲሆን፣ የሚወጣውም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠባቂነት ነው። እያንዳንዱ ገጽ ለሁለት ይከፈላል፤ አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ። ሁለቱ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ በትርጉም የሚያነብ ሰው የሚያመልጠውን የአማርኛ አንባቢ ከምንጩ ያገኘዋል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በግራው ዓምድ 1156/2011፣ በቀኙ 1156/2019 ነው። ከመስመሩ በፊት ያለው የአዋጁ ቁጥር፣ ከመስመሩ በኋላ ያለው ዓመቱ ነው፤ በግራው በኢትዮጵያ፣ በቀኙ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር። ሲፈልጉ በቁጥሩ ይፈልጉ፤ በዓመቱ የሚፈልግ ሰው አንዱን ሕግ ሁለት ሊያደርገው ይችላል።

የአዋጅ አካል ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ የጋዜጣው ትልቁ ጥንካሬም ይኸው ነው። መጀመሪያ መግቢያው ይመጣል፤ ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ በ«አስፈላጊ በመሆኑ» ይነግራል። ቀጥሎ «በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ፶፭(፩) መሠረት የሚከተለው ታውጇል» ይላል። ፶ ሃምሳ፣ ፭ አምስት ነው፤ ምክር ቤቱ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን የሚያገኘው ከዚህ አንቀጽ ነው። ከዚያ «አጭር ርዕስ» እና «ትርጓሜ» ይከተላሉ። ትርጓሜውን ዘሎ ወደ መሃል መግባት የተለመደ ስህተት ነው፤ «ሠራተኛ» የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ በመንገድ ላይ የምንለውን ሁሉ አይጨምርም።

ልምድ ያለው አንባቢ ግን መጀመሪያ መጨረሻውን ይገልጣል። ስለ ተሻሩ ሕጎች፣ ስለ መሸጋገሪያ ድንጋጌዎችና አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ የሚናገሩት አንቀጾች ያሉት እዚያ ነው። የቀድሞው አዋጅ መሻሩን፣ የተጀመረ ጉዳይ በየትኛው ሕግ እንደሚቋጭና አዲሱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ የሚነግሩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። 1156/2011 በምክር ቤቱ የጸደቀው ሰኔ ማብቂያ ላይ ሲሆን የታተመው ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። በጸደቀበትና በታተመበት ቀን መካከል ያለውን ልዩነት ያላየ ሰው ቀን ቆጥሮ መብት ሲጠይቅ ይሳሳታል።

«አዋጅ»፣ «ደንብ» እና «መመሪያ» በአፍ ሲነገሩ ይቀላቀላሉ፤ በወረቀት ላይ ግን ደረጃቸው የተለየ ነው። አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ያውም አዋጁ ሥልጣን ሲሰጠው። ሁለቱም በጋዜጣው ይወጣሉ። የሚኒስቴሮችና የኤጀንሲዎች መመሪያ ግን እዚያ አይገኝም፤ በየቢሮው መስኮት ላይ ሰው የሚጋጨው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመመሪያ ጋር ነው። በአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ረቂቅ መመሪያ ከ15 የሥራ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ለሕዝብ አስተያየት ክፍት መሆን አለበት፤ ያልተመዘገበ መመሪያም ተፈጻሚ አይሆንም። «መመሪያው እንዲህ ይላል» ሲባሉ የምዝገባ ቁጥሩን ይጠይቁ።

ጋዜጣው የማያሳየው ሕጉ የመጣበትን መንገድ ነው፤ ዋናው ጉድለቱም ይህ ይመስለናል። ረቂቁ ከማብራሪያ ጋር ይቀርባል፤ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው ባለድርሻ አካላትን በይፋዊ መድረክ ሰምቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። «በሙሉ ድምፅ» ከሆነ ተቃውሞም ድምፀ ተአቅቦም (ከመደገፍም ከመቃወምም መቆጠብ) አልነበረም ማለት ነው። «በአብላጫ ድምፅ» ሲባል ስንት ተቃውሞና ስንት ድምፀ ተአቅቦ እንደነበረ ማየት ይገባል፤ ድምፀ ተአቅቦ ተቃውሞ አይደለም። ስብሰባው የሚጀመረው ምልዓተ ጉባኤ ሲሟላ፣ ማለትም ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው፤ 547ቱም መቀመጫዎች ቢሟሉ 274 ሰው። የጸደቀው ሕግ ለፊርማ ወደ ርዕሰ ብሔሩ፣ ማለትም ወደ ፕሬዚዳንቱ፣ ይሄዳል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። ከሰኔ 30 በኋላ ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ስለሚሆን እስከ መስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ድረስ መደበኛ ጉባኤ አይጠበቅም። ፌዴሬሽን ምክር ቤትን በዚህ ሰልፍ ውስጥ መፈለግ አያስፈልግም፤ ሥራው ሕገ መንግሥት መተርጎም እንጂ አዋጅ ማውጣት አይደለም።

ሌላው የሚያስቸግረው ማሻሻያ ነው። የማሻሻያ አዋጅ «አንቀጽ እገሌ ተሰርዞ በሚከተለው ተተክቷል» ይላል እንጂ ሙሉውን ሕግ አስተካክሎ አያትምም። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቶ በእርሳስ ማስገባት የአንባቢው ሥራ ነው። በስልክ የሚዘዋወሩት ቅጂዎች ብዙዎቹ ስካን ስለሆኑ ቃል ፈልጎ ማግኘትም አይቻልም፤ ማውጫውን ይጠቀሙ። «ማረሚያ» የሚል ርእስ ያለው እትም ካጋጠመዎ አይለፉት፤ የታተመ ሕግ ውስጥ የገባ ስህተት የሚታረመው እዚያ ነው።

አንዳንዱ ለውጥ ደግሞ ጭራሽ በሌላ አዋጅ ውስጥ ይመጣል። 1183/2012 መመሪያ የሚመዘገበው በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው ይላል። ሥራው ግን በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ዞሯል፤ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው የሚያንኳኳው የሌለ መሥሪያ ቤት በር ነው።