መርፌ፣ ሌዘር ወይስ ቢላ? ከአርባ በኋላ ፊቱን ለመነካካት ላሰበ ሰው

ለጥቂት ዓመታት ጠፍታ የከረመች ተዋናይት ቀይ ምንጣፍ ላይ ብቅ ስትል ሁላችንም የቆዳ ሐኪም ሆነን ቁጭ እንላለን። አንዱ "ቦቶክስ ነው" ይላል። ሌላው "ኧረ ፌስሊፍት ነው፣ ጆሮዋ ሥር አላየህም?" ይላል። ሬኔ ዜልዌገር በ2014 ስትታይ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ዓይኗ ያልተባለ ነገር አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሷ ብዕር አንስታ "ዓይኔን ቀዶ ሕክምና አላደረግኩም" ብላ ጻፈች። የዚያ ሁሉ "ሐኪም" ምርመራ ውኃ በላው።

ይህን ያነሳሁት ለሐሜት አይደለም። ብዙ ሰው የአንዲት ታዋቂ ሴት ፎቶ ስልኩ ላይ ይዞ ክሊኒክ ይሄድና "እሷ ያደረገችውን አድርጉልኝ" ይላል። እሷ ምን እንዳደረገች ግን አያውቅም። ቢያውቅም የእሷ ችግርና የእሱ ችግር ላይገናኝ ይችላል። ስለዚህ ንጽጽሩን ከሚሸጠው ነገር ሳይሆን ከራሳችን ፊት እንጀምር።

መጀመሪያ መስታወት

ከአርባ በኋላ ፊት ላይ የሚመጣው ለውጥ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የጡንቻ ሥራ ነው። ስንኮሳተር በቅንድብ መካከል፣ ስንስቅ በዓይን ጥግ የሚሰመረው መስመር። ሁለተኛው መጉደል ነው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይሳሳል፣ አጥንቱም ጭምር ይቀንሳል፣ ጉንጭ ይሰረጉዳል። ሦስተኛው መውረድ ነው። ጉንጭ ላይ የነበረው ወደ መንጋጋ ይንሸራተታል፣ አንገት ይላላል። አራተኛው የቆዳው ገጽ ነው። ማዲያት፣ ነጠብጣብ፣ ሻካራነት፣ ቀጫጭን ሽብሽብ። ሴቶች ላይ ደግሞ ካረጡ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ኮላጅን በፍጥነት ይቀንሳል። "በአንድ ዓመት ውስጥ አረጀሁ" የምትል ሴት እያጋነነች አይደለም።

ቤት ውስጥ በነፃ የሚሠሩ ሁለት ፈተናዎች አሉ። መጀመሪያ ተኮሳተሩ፣ ከዚያ ፊታችሁን ፍቱት። መስመሩ ከጠፋ የጡንቻ ነው። ከቀረ ቆዳው ላይ ታትሟል ማለት ነው። ቀጥሎ በጀርባችሁ ተኙና መስታወቱን ከላይ ያዙ። ፊታችሁ ድንገት ወጣት ከሆነ ችግራችሁ መውረድ ነው። ብዙም ካልተለወጠ መጉደል ወይም የቆዳው ገጽ ነው። ይህ አምስት ደቂቃ ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።

ቦቶክስ ወይስ ፊለር?

እነዚህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ሁለቱም በመርፌ ስለሚሰጡ ይሆናል። ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ቦቶክስ ጡንቻን ያዝላል፣ ፊለር የጎደለን ይሞላል።

የቦቶክስ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። ቫንኩቨር ውስጥ ጂን ካራዘርስ የምትባል የዓይን ሐኪም ዓይናቸው ያለ ፈቃዳቸው የሚጨፈንባቸውን ሰዎች በዚህ መድኃኒት ታክም ነበር። አንዲት ታካሚ ቅንድቧ መካከል ሲወጉላት ፊቷ እንደሚረጋጋ ነገረቻት። ሐኪሟ ወሬውን ለባሏ አደረሰች። ባሏ አላስተር የቆዳ ሐኪም ነበር። ባልና ሚስቱ ግኝታቸውን በ1992 አሳተሙ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ደግሞ ለቅንድብ መካከል መስመር በ2002 ፈቀደው።

ቦቶክስ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ በሁለት ሳምንት ይሞላል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። ለቅንድብ መካከል የተለመደው መጠን 20 ዩኒት ነው። ነገር ግን የአንዱ ምርት ዩኒት ከሌላው ጋር እኩል አይደለም። የዲስፖርትን (የዚሁ ዓይነት ሌላ ምርት ነው) ዩኒት ከቦቶክስ ዩኒት ጋር ቆጥሮ "ይሄኛው ብዙ ሰጠኝ" ማለት ከንቱ ሒሳብ ነው። ዋጋ ስትጠይቁ የምርቱን ስም አብራችሁ ጠይቁ።

ከተበላሸስ? የሚያፈርሰው መድኃኒት የለም፣ እስኪለቅ መጠበቅ ነው፤ አንዳንዱ ግን በጭማሪ መርፌ ይስተካከላል። እኔ አንድ ጊዜ የግራ ቅንድቤ ከቀኙ ወደ ላይ ተሰቅሎ ለሳምንታት ከርሟል። የሚያዋራኝ ሰው ሁሉ የተናገረውን ያላመንኩት መሰለው። በኋላ ስሰማ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሼ ቢሆን በአንድ ትንሽ መርፌ ይስተካከል ኖሯል። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሁለት ሳምንት ቀጠሮ የማይሰጥ ቦታ ዛሬ እኔን አያገኘኝም።

ፊለር ሌላ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፣ ውኃ የሚይዝ ጄል። ሬስቲሌን የተባለው በአሜሪካ የተፈቀደው በ2003 ነው። እንደ ዓይነቱና እንደ ቦታው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል ይቆያል ይባላል። ትልቁ ጥቅሙ ማፍረሻ ያለው መሆኑ ነው። ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም ሲወጋ ጄሉ ይሟሟል። ትልቁ አደጋው ደግሞ ጄሉ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ነው። ቆዳ ሊሞት ይችላል። አልፎ አልፎም ዓይን ይጠፋል፣ በተለይ አፍንጫ ላይና በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ሲወጋ። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት "ሃያሉሮኒዴዝ እዚሁ አላችሁ?" በሉ። መልሱ "እናስመጣለን" ከሆነ ቦርሳችሁን አንሡ። ከተወጋችሁ በኋላ ቆዳው ነጭ ከሆነ፣ ከባድ ሕመም ካለ ወይም ዕይታ ከደበዘዘ ያው ሰዓት ነው መመለስ ያለባችሁ፤ ነገ አይደለም።

ለእኔ ታዋቂ ሰዎችን ከምንም በላይ ያበላሸው ፊለር ነው። ፈሳሹ ክፉ ሆኖ አይደለም። በጥቂት በጥቂቱ ስለሚጨመር ነው። ዛሬ ትንሽ ጉንጭ፣ ከስድስት ወር በኋላ ትንሽ አገጭ። እያንዳንዱ እርምጃ ያምራል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ፊቱ የማን እንደሆነ ይጠፋል፣ ባለቤቱም መጨረሻ ነው የሚያውቀው። ተዋናይት ኮርትኒ ኮክስ በ2017 የተሞላላትን ሁሉ እንዳስሟሟች ተናግራለች። የቴሌቪዥን ውድድር ዳኛው ሳይመን ካወልም እንደበዛበት አምኖ በ2022 ማቆሙን ተናግሯል። በዚያ ላይ ፊለር "ዓመት ሆነው፣ ጠፋ" እንደሚባለው አይደለም። በኤምአርአይ ሲታይ ዓመታት ቆይቶ የተገኘባቸው ሰዎች አሉ። ጠፋ ብሎ ሌላ መደረብ ነው ፊትን ትራስ የሚያደርገው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እዚህ ደግሞ የሚለቀመው በኢንዛይም ነው።

ፊለር ወይስ ፌስሊፍት?

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ጉንጩ የወረደ ሰው ቢላ ፈርቶ ፊለር ይገዛል። ግን የወረደን ነገር በመሙላት ለማንሣት ፊኛ መንፋት ያስፈልጋል። በጀርባችሁ ስትተኙ ፊታችሁ ከተሻሻለ ፊለር አይመልስላችሁም። ወይ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ወይ መተው። መሃል ላይ ያለው መንገድ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ይከፋል።

ፌስሊፍትን (የወረደ ፊትን የሚያነሣውን ቀዶ ሕክምና) ስናስብ ወደ ኋላ የተወጠረ፣ በነፋስ ላይ የቆመ የሚመስል ፊት ይመጣብናል። ያ ቆዳ ብቻ የሚጎተትበት ዘመን ትዝታ ነው። በ1976 ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች ከቆዳ ሥር ያለውን ስማስ የሚባለውን ጠንካራ ንብርብር ከገለጹ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ ጥሩ ሐኪም የሚያነሣው ያንን ንብርብር ነው፣ ቆዳው ሳይወጠር ይከተላል። "ዲፕ ፕሌን" የሚባለው ከዚያም ጠለቅ ብሎ የሚገባው ዘዴ ነው። ስሙ ማስታወቂያ ላይ ስለተጻፈ ብቻ አትገዙት። ከዘዴው ይልቅ እጁ ይበልጣል።

ዋጋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሰው ፊት ለመውጣት ሁለት ሳምንት ገደማ፣ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ደግሞ ወራት ይወስዳል። ከቆዳ ሥር ደም መቋጠር በጣም የተለመደው ችግር ነው። የፊት ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይመለሳል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሳምንታት ቀደም ብሎ ካላቆመ ቆዳው ሊሞት ይችላል፤ ሳያቆም እሠራለሁ የሚል ሐኪም ካገኛችሁ ሽሹ። ዲዛይነሩ ማርክ ጄኮብስ በ2021 ፌስሊፍት ሲያደርግ በፋሻ የተጠቀለለ ፊቱን ሳይደብቅ አሳይቷል። ከ"በፊትና በኋላ" ፎቶ ሁሉ ይልቅ እሱ ያስተምራል። መሃሉን ነው ያሳየው።

ውጤቱ ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይቆጠርለታል። የቴሌቪዥን ዝነኛዋ ክሪስ ጄነር የመጀመሪያውን በ2011 አድርጋ በ2025 እንደገና ማድረጓን ራሷ ተናግራለች። ሒሳቡን አስሉት። ቦቶክስ በየአራት ወሩ ቢደረግ በአሥር ዓመት ሠላሳ ጊዜ ነው። ፊለር በዓመት አንዴ እንኳ ቢሆን አሥር ጊዜ። "መርፌ ርካሽ ነው" የሚባለው ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ሆኖም ፌስሊፍት የቆዳን ጥራት አይለውጥም፣ ማዲያት አያጠፋም፣ ከከንፈር በላይ ያለውን ቀጭን ሽብሽብም አይነካም። ሁሉም ሰው አይረካበትም ደግሞ። ተዋናይት ጄን ፎንዳ ፌስሊፍት በማድረጓ እንደማትኮራና እንዳቆመች በግልጽ ተናግራለች።

ችግሩ የላይኛው የዓይን ቆብ ብቻ ከሆነ ሙሉ ፌስሊፍት አትግዙ። የቆብ ቀዶ ሕክምና ያነሰ፣ ቶሎ የሚድን፣ ለዓመታት የሚቆይ ነው። ዓይናችሁ የሚደርቅ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ክሩንስ? ፊት ውስጥ ክር አስገብቶ መሳብ ማለት ነው። ክሩ በወራት ይሟሟል፣ ውጤቱም አብሮት ይሄዳል። አንዳንዴ ቆዳው ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይቀራል። እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም።

ሌዘር ወይስ ቱቦ ክሬም?

ለቆዳው ገጽ ከሆነ ምርጫው እነዚህ ናቸው። እዚህ ላይ የቆዳ ቀለም ወሳኝ ነው። ጥቁር ቆዳ ሜላኒኑ ከፀሐይ ስለሚከላከልለት ሽብሽብ ዘግይቶ ይመጣበታል። በአንጻሩ ሲቆጣ ይጠቁራል። ለነጭ ቆዳ በተቀመረ ኃይል የተተኮሰ ሌዘር ጥቁር ፊት ላይ ወራት የሚቆይ ጠባሳና ጥቁረት ሊተው ይችላል። 1064 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ኤንዲያግ ሌዘር ለጥቁር ቆዳ ይሻላል፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ቆዳ መግፈፍ ግን ያስፈራል። "እንደኔ ቆዳ ያለው ሰው ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ፎቶ አሳዩኝ" ማለት ነውር አይደለም። መጀመሪያ ጆሮ አጠገብ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክሩላችሁ። ቁስላችሁ ሲድን እያበጠ ኬሎይድ የሚሆንባችሁ ከሆነም ሌዘርም ሆነ ቢላ ከማሰባችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት።

ክሬሙን ሰው ይንቀዋል። ትሬቲኖይን መጀመሪያ በ1971 ለብጉር ነው የተፈቀደው። የተጠቀሙት ሰዎች ቆዳቸው መለስለሱ ሲታይ ለሽብሽብም ተጠና። በሐኪም ትዕዛዝ የሚገኝ ነው። መጀመሪያ ይለበልባል፣ ቆዳ ይልጣል፣ ውጤቱም ወራት ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትቀባውም። በሱቅ የሚሸጠው ሬቲኖል ደከም ያለ ዘመዱ ነው።

ሰንስክሪን (ከፀሐይ የሚከላከለው ክሬም) ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከ900 በላይ አዋቂዎች ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትለው ነበር። ውጤቱ በ2013 ሲታተም በየቀኑ የተቀቡት ቆዳቸው እንደፈለጉ ከሚቀቡት 24 በመቶ ያነሰ አርጅቶ ተገኘ። ማዲያት ላለበት ሰው ቀለም ያለውና አይረን ኦክሳይድ የያዘው ይሻላል፣ ምክንያቱም ማዲያትን የሚያባብሰው የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው።

"ቢላ የለውም" የሚለው ማስታወቂያ ግን አያታልላችሁ። ሞዴሏ ሊንዳ ኢቫንጀሊስታ በ2021 የተናገረችው ስብ በማቀዝቀዝ ስለሚሠራ ሕክምና ነበር። ቢላም መርፌም የለውም። ስቡ በመቀነስ ፋንታ አድጎ ጠጠረባት። ችግሩ ብርቅ ቢሆንም የታወቀ ነው፣ ስምም አለው።

እኔ ብሆን

በአርባዎቹ ያለ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ሰንስክሪንና ትሬቲኖይን ብቻ ቢገዛ ደስ ይለኛል። ከዚያም የመኮሳተር መስመር ካስጨነቀው ቦቶክስ፣ በትንሹ። ጉንጭ በእውነት ከጎደለ (በተለይ ብዙ ኪሎ በፍጥነት የቀነሰ ሰው ላይ) ትንሽ ፊለር፤ ሌላ ለመጨመር ግን ቢያንስ ዓመት መጠበቅ። ለወረደ ፊት ምንም መርፌ አልገዛም። አጠራቅሜ ጥሩ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፣ ካልሆነም እተወዋለሁ። መተውም ከአማራጮቹ አንዱ ነው። ተዋናይት አንዲ ማክዳወል በ2021 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሽበቷን ለቃ ስትራመድ፣ ተዋናይት ፓሜላ አንደርሰን በ2023 ፓሪስ የፋሽን ትርኢት ላይ ያለ ሜካፕ ስትቀመጥ ከሁሉም በላይ የታዩት እነሱ ነበሩ።

የቱንም ብትመርጡ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ያለ ሜካፕ፣ መስኮት አጠገብ፣ ከፊትና ከሁለቱም ጎን ፎቶ ተነሡ። በየዓመቱ ሌላ ከመጨመራችሁ በፊት የምታዩት ያንን የመጀመሪያውን ፎቶ ይሁን፤ ያለፈው ወር ሴልፊ አይሁን።