የአጎቴ ቴምብሮች፦ በሂንጅ፣ በማውንት ወይስ በስቶክቡክ?

አጎቴ ሲያርፍ አራት አልበምና አንድ የጫማ ካርቶን ለእኔ ደረሰኝ። ካርቶኑ ውስጥ በየፖስታው የታጨቁ ቴምብሮች ነበሩ። አልበሞቹ ውስጥ ያሉትን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ በአንድ የለጠፋቸው እሱ ነው። ትንሽ ልጅ ሆኜ አጠገቡ ተቀምጬ ጣቴን ወደ ገፁ ስሰድ «እጅሽን ሰብስቢ! ወረንጦ ያዢ» ይለኝ ነበር። እስካሁን ቴምብር ላነሳ ስል ያ ድምፅ ይመጣብኛል።

ስብስቡ እጄ ከገባ ሦስት ዓመት ሆነው። የመጀመሪያው ዓመት ያለቀው አዲስ ቴምብር በመፈለግ አይደለም። «እነዚህን በምን ላስቀምጣቸው?» እያልኩ ነው ያለቀው። ሂንጅ የሚባለውን መለጠፊያ ስስ ወረቀት ሞከርኩ። ማውንት የሚባለውን የፕላስቲክ ኪስ ሁለት ዓይነት ሞከርኩ። ስቶክቡክ የሚባለውን ባለኪስ ደብተር ገዛሁ። አንድ ርካሽ የፕላስቲክ ገፅም ገዝቼ ክፉኛ ተጎድቼበታለሁ። ሁሉንም እንዳየሁት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ቴምብሩን በወረንጦ ያዙና ገልብጡት። ብዙ ሰው የሚወስነው ፊቱን አይቶ ነው። ቆንጆውን ማውንት ውስጥ ይከተዋል፣ ተራውን በሂንጅ ይለጥፈዋል። እኔ የምለው ጀርባውን እዩ ነው። ሙጫ አለው? ሙጫው ሙሉ ነው? ከዚህ በፊት ሂንጅ ነክቶታል? ወይስ ታጥቦ ወረቀቱ ብቻ ቀርቷል? በምን እንደሚቀመጥ የሚነግራችሁ ይሄ ነው።

ከሂንጅ ልጀምር። አጎቴ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነበር። ሂንጅ ማለት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ነው። በአንድ በኩል ሙጫ አለው። ሲሶው ላይ ይታጠፋል፤ ሙጫው በውጭ በኩል ይሆናል። አጭሩ ክፍል የቴምብሩ ጀርባ ላይ፣ ከላይኛው ጠርዝ ጥርሶች ትንሽ ዝቅ ብሎ ይለጠፋል። ረጅሙ ክፍል ገፁ ላይ ያርፋል። እንዲህ የተለጠፈ ቴምብር ከታች ወደ ላይ እንደ መስኮት ክዳን ይነሳል።

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከምራቅ ነው። ሂንጁን ሙሉ በሙሉ አርሳችሁ ከለጠፋችሁት ውሃው ዙሪያውን ሾልኮ ቴምብሩን ከነገፁ ያጣብቀዋል። ጫፍ ጫፉን በትንሹ ማርጠብ ይበቃል። እኔ ምላሴን ትቼ በቀጭን የስዕል ብሩሽ ነው የማረጥበው። ለጥፌ እንደጨረስኩ ቴምብሩን በወረንጦ ቀስ አድርጌ ከፍ አደርገዋለሁ። ያለቦታው የተያዘ ካለ ያኔውኑ ይታያል።

ሂንጅ ሲነሳ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። እስኪደርቅ ድረስ አትንኩት። ገና እርጥብ ሳለ ከተላጠ የቴምብሩን ወረቀት ይዞ ይነሳል። ጀርባው ላይ ሳስቶ የቀረው ቦታ ብርሃን ላይ ሲያዝ ፍንትው ብሎ ይታያል። ከአጎቴ ስብስብ እንዲህ የሳሱ 11 ቴምብሮች አግኝቻለሁ። አሥራ ሁለተኛውን ያሳሳሁት እኔ ነኝ፤ ቸኩዬ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የሂንጅ ጥራት አንድ ዓይነት አይደለም። የድሮ ሰብሳቢዎች ዴኒሰን የሚባለውን የአሜሪካ ሂንጅ በናፍቆት ያነሱታል። ሲደርቅ ምንም ሳይጎዳ ይላጥ ነበርና። ምርቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። እስከዛሬ ያልተከፈተ ፓኮ የሚያሳድዱ ሰዎች አሉ። እኔ የገዛኋቸው አዳዲሶቹ አንዱ ደህና ነው፣ ሌላው ሙጫው ኃይለኛ ነው፣ ሌላው ገና በሳምንቱ ይለቃል። ስለዚህ አዲስ ፓኮ ሳመጣ መጀመሪያ አምስቱን ምንም ዋጋ በሌላቸው ቴምብሮች ላይ እለጥፋለሁ። በማግስቱ እልጣለሁ። ይህን ፈተና ያላለፈ ፓኮ አልበሜ አጠገብ አይደርስም።

ማህተም ላረፈበትና ከፖስታው ላይ በውሃ ለለቀቀ ተራ ቴምብር ጥሩ ሂንጅ አሪፍ ነገር ነው። አንዱ ፓኮ አንድ ሺህ ይዞ ይመጣል። ገፁን አያወፍርም። ቴምብሩ ራሱ ነው የሚታያችሁ፤ በመሃል ፕላስቲክ የለም።

ሙጫው ላልተነካ ቴምብር ግን ሂንጅን እርሱት። ቴምብሮችን ከነዋጋቸው የሚዘረዝረው የጀርመኑ ሚሼል ካታሎግ ሙጫው ጨርሶ ያልተነካውን በሁለት ኮከብ፣ ሂንጅ የነካውን በአንድ ኮከብ ይለያል። በድሮ ቴምብሮች ላይ የአንዲት ኮከብ ልዩነት ዋጋውን በብዙ እጥፍ ሊቀይረው ይችላል። ሰው ሙጫውን ከማክበሩ የተነሳ ጀርባውን እንደ አዲስ ሙጫ ቀብተው «ያልተነካ ነው» ብለው የሚሸጡ አታላዮች ሁሉ አሉ። እናንተ አንድ ሂንጅ ስትለጥፉ ያን ልዩነት በገዛ እጃችሁ ታጠፉታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሙጫ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመን ለኦስትሮፓ የቴምብር ኤግዚቢሽን ያወጣችው፣ አራት ቴምብር አንድ ላይ የታተመበት ወረቀት ሙጫው ውስጥ ሰልፈሪክ አሲድ አለበት። እያደር ወረቀቱን ይበላዋል። ብዙ ሰብሳቢዎች ሙጫውን አጥበው አውጥተው ነው የሚያስቀምጡት። በሌላ በኩል የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ካወጣቻቸው ቴምብሮች ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም ያለ ሙጫ ነው የታተሙት። የማያውቅ ሰው ቢያያቸው የታጠቡ ይመስሉታል። ለዚህ ነው ገልብጡት የምለው። ገልብጣችሁም ታሪኩን ጠይቁ።

ወደ ማውንት ልምጣ። ማውንት ሁለት ስስ ፕላስቲክ ተደራርቦ የተሠራ ኪስ ነው። ቴምብሩ መሃል ይገባል፤ ሙጫው ያለው ከኪሱ በስተጀርባ ነው። ስለዚህ ቴምብሩን ምንም አይነካውም። እኔ የተጠቀምኩት ሁለት የጀርመን ምርቶችን ነው፤ ሃዊድና ፕሪንዝ። ሁለቱም ፖሊስታይሪን ከሚባል፣ ማለስለሻ ኬሚካል ከሌለው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው።

የገዛሁት ሃዊድ በታችኛው ጠርዝ ብቻ የተበየደ ነው። ከላይ ክፍት ነው። ገፁ ላይ ከተለጠፈ በኋላም ቴምብሩን ማውጣትና መመለስ ይቻላል። ይህን በጣም ወድጄዋለሁ። የማልወደው ሲገባ ነው። ፕላስቲኩ ጠበቅ ያለ ስለሆነ ቴምብሩን በቸልታ ከገፋችሁት የታችኛው ጥርስ ይታጠፋል። የፊተኛውን ፕላስቲክ በወረንጦ ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ ቴምብሩን ቀስ ብላችሁ አውርዱት።

ፕሪንዝ ከላይም ከታችም የተያዘ ነው። ቴምብሩ የሚገባው ከጀርባ፣ መሃል ለመሃል በተሰነጠቀው በኩል ነው። ከገባ ወዲያ አይንቀሳቀስም። ለውድ ቴምብር ልቤን የሚያሳርፈኝ እሱ ነው። ነገር ግን ሲለጠፍ ውሃ ከበዛ በዚያው ስንጥቅ ገብቶ የቴምብሩን ሙጫ ያገኘዋል። ሁለት ቴምብር እንዲህ ተጣብቆብኛል። አሁን የላይኛውን ጠርዝ ብቻ በብሩሽ ነካ አደርጋለሁ፤ ይይዛል።

የማውንቱ ጀርባ ጥቁር ይሻላል ወይስ ነጭ? ነጭ የምለው ገፁን የሚያሳየውን ነው። ጥቁሩ ለቴምብሩ ፍሬም ይሆንለታል። ጥርሶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የተሰበረ ጥርስ ካለም ይታያል። ጠርዛቸው ነጭ ለሆነ ቴምብሮች ከጥቁር የሚበልጥ የለም። ለጠቆረ ቴምብር ግን፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1840 እንደወጣው የእንግሊዝ ጥቁር ቴምብር፣ እንደ ፔኒ ብላክ፣ ጥርስ ሳይኖረው ለታተመ፣ ጥቁር ኪስ ጠርዙን ይውጠዋል። እዚያ ላይ ነጩ ይሻላል። በአንድ ገፅ ላይ ሁለቱን ማቀላቀል ግን ዓይን ይረብሻል። እኔ ገፁን በሙሉ ወይ በዚህ ወይ በዚያ አደርገዋለሁ።

ስለ ልኩ ጠንቀቅ በሉ። የቴምብሩን ከፍታ ከነጥርሱ በሚሊሜትር ለኩና ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ጨምሩ። 24 ሚሊሜትር ከሆነ 26 ወይም 27 ይበቃዋል። የእኔ ሃዊድ 210 ሚሊሜትር ርዝመት ባለው ቁራጭ ነው የሚመጣው። ስፋቱ 20 ሚሊሜትር ለሆነ ቴምብር በ24 ስቆርጠው ከአንዱ ቁራጭ ስምንት ኪስ ይወጣል። ፓኮው 25 ቁራጭ ነበረው፤ ያ ማለት 200 ቴምብር። የአጎቴ ስብስብ ወደ ሁለት ሺህ ይጠጋል። ሁሉን በማውንት ላድርግ ብል አሥር ፓኮ ሊፈጅብኝ ነው፤ ያውም ሁሉም አንድ ልክ ቢሆኑ። ያን ስሌት ወረቀት ላይ ስሠራ ነው ማን ማውንት እንደሚገባው፣ ማን ሂንጅ እንደሚበቃው ቁጭ ብዬ የለየሁት።

በመቀስ አትቁረጡ። ጠርዙ ይጣመማል፤ የተጣመመ ኪስ ደግሞ ገፁን በሙሉ ያበላሻል። ትንሽ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ግዙ። ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ምንም ያልተጸጸትኩበት እሱ ነው።

ማውንት የማይነገርለት አንድ ጣጣ አለው፤ ውፍረት። ስልሳ ገፅ በሂንጅ ይይዝ የነበረው አልበም በማውንት አርባ ላይ አፉን ይከፍታል። እኔ ይህን ችላ ብዬ አልበሞቹን አንዱን በአንዱ ላይ አጋድሜ ቆለልኳቸው። እርጥበት የበዛበት ወቅት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ስከፍት ከታችኛው አልበም ውስጥ ዘጠኝ ያልተነኩ ቴምብሮች ሙጫቸው ከኪሱ ጀርባ ጋር ተጣብቋል። የተለቀቁትም ሙጫቸው አብለጭልጯል። ኪሱ ከሂንጅ አዳናቸው፤ ክብደቱና እርጥበቱ ግን አገኛቸው። አሁን አልበሞቹ እንደ መጽሐፍ ቆመው፣ ሳይጨናነቁ ነው የሚቀመጡት። መደርደሪያው ላይ የእርጥበት መለኪያ አኑሬያለሁ። 50 በመቶ አካባቢ ሲሆን ደስ ይለኛል።

ስቶክቡክ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ወፍራም ገፅ ላይ አግድም የተደረደሩ ስስ ኪሶች አሉት። ምንም አይለጠፍም፣ ምንም አይቆረጥም። ቴምብሩን ሰካ ታደርጉታላችሁ። ነገ ሌላ ቴምብር ቢመጣ ሁሉን ገፋ አድርጋችሁ ቦታ ትሰጡታላችሁ። በካርቶን የመጡትን በሙሉ መጀመሪያ ያስገባሁት እዚያ ነው። ገና ጀማሪ ለሆነ ሰው ሌላ ምንም ሳይገዛ ይሄን ይግዛ እላለሁ። በገፆቹ መሃል ስስ መለያ ወረቀት ያለውን ምረጡ፤ ከሌለው ትይዩ ገፆች ላይ ያሉ ቴምብሮች በጥርሳቸው ይያያዛሉ። ጉድለቱ፣ ገፁ የስብስቡን ታሪክ አይናገርም። ርዕስ አትጽፉበትም፣ ዓመተ ምሕረት አታሰፍሩበትም። መጋዘን ነው እንጂ አልበም አይደለም።

ኪሶቹ ከፋብሪካ ተለጥፈው የሚመጡ የታተሙ አልበሞችም አሉ፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1917 ሃምቡርግ የተመሠረተው ላይትሃውስ የተባለ ኩባንያ ያወጣቸዋል። አንዱን አልበም ሰው ቤት አገላብጫለሁ፤ በጣም ያምራል። እኔን ግን አይሆነኝም። ባዶ የቀረው ኪስ ሁሉ ግዙልኝ እያለ ይጨቀጭቃል፤ አጎቴ ደግሞ ያገኘውን ነበር የሚወደው።

ያን ርካሽ የፕላስቲክ ገፅ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሻጩ «ለቴምብር ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ሲከፈት እንደ አዲስ ሸራ ጫማ ይሸታል። እጅ ላይ ለስለስ፣ ያዝ ያዝ ይላል። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነበር። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ቀስ እያለ ይወጣና ወደ ቴምብሩ ይሻገራል። በዓመቱ የአንድ ቀይ ቴምብር ቀለም ፕላስቲኩ ላይ ታትሞ አገኘሁት። ቴምብሩ ራሱ ቅባት የነካው ይመስላል። ማሸጊያው ላይ ፒቪሲም ማለስለሻም የሌለው መሆኑ ካልተጻፈ አትግዙ። ሽታ ካለው መልሱት። ይህን ሳታወላውሉ አድርጉት፤ ያ ቀለም አይመለስም።

በመጨረሻ የአጎቴን አልበሞች እንዲህ አደረግኳቸው። ሙጫቸው ያልተነካ 140 ቴምብሮች በፕሪንዝ። ሙጫ ኖሯቸው ሂንጅ የነካቸው በሃዊድ፤ ተጨማሪ ጠባሳ እንዳያገኛቸው። ማህተም ያረፈባቸው ተራዎቹ በሂንጅ። ትርፍና ድግግሞሹ በስቶክቡክ። ሙሉ ፖስታ ከነማህተሙ ለሆኑት አራቱን ማዕዘን የሚይዙ ትናንሽ ኪሶች ገዛሁ።

የመጀመሪያውን አልበም የመጀመሪያ ገፅ ግን አልነካሁም። ሃያ አራት ቴምብር አለበት፤ ሁሉም ማህተም ያረፈባቸው፣ ሁሉም በድሮ ሂንጅ። መጀመሪያ ላይ በጥቁር ማውንት ልቀይራቸው ተነስቼ ነበር። አንዱን በወረንጦ ከፍ አደረግኩት። ከሥሩ ገፁ ላይ በእርሳስ፣ በልጅ እጅ፣ ቀኑና ቴምብሩን የሰጠው ሰው ስም ተጽፏል። ሁለተኛውን አነሳሁ፤ እሱም ሥር አለ። ሃያ አራቱም ሥር አለ። ጥቁር ማውንት ብለጥፍበት ኖሮ ይህ ሁሉ ከፕላስቲክ ሥር ይቀር ነበር። አሁን ያን ገፅ ስከፍት ወረንጦዬን ይዤ አንድ በአንድ ከፍ እያደረግኩ አነብባለሁ።