ራስን ለመሆን የሚከፈል ወርሃዊ ክፍያ፦ የአንድ መተግበሪያ ግምገማ

«ራስህን ሁን» የሚል መፈክር አንግበው ወደ ስልካችን ከሚገቡት መተግበሪያዎች አንዱን፣ ነጻውንም ሆነ የሚከፈልበትን ክፍል ለረጅም ጊዜ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ስሙን ከመጥቀስ የተቆጠብኩት አሠራሩ ከእኩዮቹ ብዙም ስለማይለይና ትችቴም ከአንድ ድርጅት ይልቅ በዓይነቱ ላይ የሚያነጣጥር ስለሆነ ነው። መተግበሪያው የሚገባው ቃል፣ ተጠቃሚው ከይሉኝታ፣ ከፋሽንና ከማስታወቂያ ጫና ተላቆ የራሱን ፍላጎትና የራሱን አኗኗር ለይቶ እንዲያውቅ መርዳት ነው። ለዚህም የጠባይ መጠይቅ፣ የዕለት ማስታወሻ፣ ተጠቃሚዎች የሚገናኙበት አደባባይ እና የግብይት ገጽ አዘጋጅቷል። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ ለተባለው ዓላማ በእርግጥ የሚያገለግለው በማስታወሻው ክፍል ግርጌ የተወሸቀ፣ ማንም ያላስተዋወቀው አንድ ትንሽ ዝርዝር ሲሆን፣ የቀሩት ክፍሎች ተጠቃሚው የሸሸውን ጫና በሌላ ስም መልሰው የሚጭኑበት ናቸው።

መጠይቁን የሞላ ሰው በመጨረሻ ስለ ጠባዩ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ይደርሰዋል። ጽሑፉ ያማረ ነው፤ በሰው ፊት ብርቱ ብትመስልም በውስጥህ የምትጠራጠርበት ጊዜ አለ፣ መወደድን ብትሻም ነጻነትህን አሳልፈህ አትሰጥም፣ የሚሉ ሐሳቦችን አንብቦ «ይህስ በእርግጥ እኔ ነኝ» የማይል ሰው ጥቂት ነው። ችግሩ እነዚህ ሐሳቦች ለማንም ሰው ልክ መሆናቸው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር በርትራም ፎረር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ ፈተና ሰጥቶ፣ ለእያንዳንዳቸው ከፈተናው የተገኘ የግል ውጤት ነው ያለውን መግለጫ አደላቸው፤ ተማሪዎቹም የመግለጫውን ትክክለኛነት ከ5 በአማካይ ከ4 በላይ ነጥብ ሰጡት። ሁሉም የያዙት ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ ፎረር አብዛኛውን ቃል የለቀመውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ከዚህ ተነሥቼ መጠይቁ ከንቱ ነው አልልም፤ ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹ፣ በተለይ ተጠቃሚው ማንም ሳያዘው ደጋግሞ የሚመለስበትን ሥራ የሚጠይቁት፣ ቆም ብሎ ለማሰብ ይጋብዛሉ። ከመልሱ ይልቅ ጥያቄው የተሻለ ሆኖ ሳለ በገጹ ላይ ጎልቶ የሚታየው አዝራር «ውጤትህን አጋራ» የሚለው መሆኑ ግን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ከወዲሁ ያሳብቃል።

የሚሄደው ወደ አደባባዩ ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ጫና የሰለቻቸው ሰዎች ተሰባስበው እንዲበረታቱ የታለመ ይመስላል። እዚያ ጥቂት የቆየ ሰው ግን «ራሳቸውን ያገኙ» ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ እንደሚያነሡ፣ አንድ ዓይነት ደብዛዛ ቀለም እንደሚለብሱ፣ ስለ ነጻነታቸውም በአንድ ዓይነት ሐረግ እንደሚጽፉ ማስተዋሉ አይቀርም። ብዙ ላይክ ያገኘው አጻጻፍ በማግስቱ የሁሉም አጻጻፍ ይሆናል። ይህ የተጠቃሚዎቹ ድክመት ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሰሎሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ተሳታፊዎች የመስመሮችን ርዝመት እንዲያነጻጽሩ ሲጠየቁና አስቀድመው የተዘጋጁት ሌሎች ሰዎች በአንድ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ከአራት ተሳታፊዎች ሦስት ያህሉ ዓይናቸው ያየውን ትተው ቢያንስ አንድ ጊዜ ከብዙኃኑ ጋር ተስማምተዋል። የመስመር ርዝመት እንዲህ ካወላወለ፣ «እኔ ማን ነኝ» የሚለው ጥያቄ በላይክ ቁጥር ፊት ምን ያህል እንደሚጸና መገመት ይቻላል። ከዚያው ሙከራ ስለ መተግበሪያው ንድፍ ልጠቅሰው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ በቡድኑ ውስጥ እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ሲገኝ ከብዙኃኑ ጋር የሚስማማው ሰው ቁጥር እጅግ ቀንሷል። ስለዚህ ሰፊውን አደባባይ ዘግቶ ሁለት ሰዎች ብቻ በግል የሚወያዩበት መንገድ መክፈት ለተባለው ዓላማ በጣም የቀረበ ነበር፤ መተግበሪያው ግን ይህ አማራጭ የለውም። የላይክን ቁጥር መደበቅ ግን ይቻላል፤ ቅንብሩ ተፈልጎ የሚገኝ ቢሆንም ካገኙት በኋላ ማብራቱን እመክራለሁ።

የግብይት ገጹ ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ክፍል ነው። በመጠይቁ የተሰጠው መልስ በቀጥታ ወደዚህ ይተላለፍና፣ ብቸኝነትን እወዳለሁ ላለ ሰው የንባብ መብራት፣ ጉዞ እወዳለሁ ላለ ሰው የጉዞ ቦርሳ፣ ሁሉም «እንደ አንተ ላለ ሰው» ከሚል ቃል ጋር ይቀርብለታል። እንደ ሌላው ማስታወቂያ «ሌሎችን ምሰል» አይልም፤ የሚለው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው። ብልሃቱ አዲስ አይደለም። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ኤድዋርድ በርኔስ እ.ኤ.አ. በ1929 በአንድ የትምባሆ ኩባንያ ተቀጥሮ፣ በኒውዮርክ የፋሲካ ሰልፍ ላይ ሴቶች በአደባባይ ሲጋራ እንዲያጨሱ አዘጋጀ፤ ሲጋራውም «የነጻነት ችቦ» ተብሎ እንዲጠራ አደረገ። ማጨሱ ማንም ሳያዛቸው ከውስጣቸው የመነጨ እንቢታ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ጊዜውም ቦታውም ስያሜውም አስቀድሞ የተሰናዳ ነበር። ማኅበረሰቡን አልመስልም የሚለው ስሜት ለሻጭ እንደ መምሰል ስሜቱ ሁሉ ገበያ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ከዚህ ገጽ አንድ ዕቃ የገዛ ሰው በአንድ አያበቃም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ፈላስፋ ዴኒ ዲድሮ አዲስና ያማረ የቤት ውስጥ ካባ ሲያገኝ፣ አሮጌው ወንበሩ፣ ጠረጴዛውና ግድግዳው ሁሉ ከካባው ጋር አልሄድ ብለውት አንድ በአንድ ለወጣቸው፤ ኋላም የአሮጌው ካባ ጌታ እንደነበር፣ የአዲሱ ግን ባሪያ እንደሆነ ጽፏል። የመተግበሪያው «ከዚህ ጋር የሚሄድ» የሚለው ረድፍ ይህንን ሰንሰለት በራሱ ይሠራል። እንዲያውም ጥቂት ዕቃ ይዞ ለመኖር ለሚፈልግ ሰው የተለየ ምድብ አለው፤ በዚያ ምድብ ውስጥም የሚሸጡት ዕቃዎች ብዛት አስገርሞኛል። ከገጹ የሚገኝ ነገር ሁሉ ሐሰት ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ሥዕል የሚስል ሰው ጥሩ ብሩሽ ቢገዛ ራሱን አልከዳም። ልዩነቱ ብሩሹ ለመሣል መገዛቱ ወይም ሠዓሊ ለመምሰል መገዛቱ ላይ ነው፤ ይህን የሚለይ ጥያቄ ደግሞ በግብይት ገጹ ላይ የለም።

ያ ጥያቄ የሚገኘው ቀደም ብዬ በጠቀስኩት ትንሽ ዝርዝር ውስጥ ነው። ተጠቃሚው ሊገዛው ያሰበውን ነገር እዚያ ይመዘግባል፤ ዝርዝሩ ዕቃውን መጀመሪያ የት እንዳየው፣ ማን ይዞት እንደነበር ይጠይቀዋል፤ ተጠቃሚው ራሱ የሚወስነው የመቆያ ጊዜ ካለፈ በኋላም «ማንም እንደማያየው ብታውቅ ትፈልገዋለህ?» ብሎ ይመለስበታል። ሌላ ምንም አያደርግም፤ አይመክርም፣ አያሞግስም፣ ለማንም አያጋራም። ከመዘገብኳቸው ነገሮች ብዙዎቹ ጥያቄው ሲመለስ ምን ሊጠቅሙኝ እንደፈለግኋቸው እንኳ የማላስታውሳቸው ነበሩ። የጸኑት ጥቂቶቹ ደግሞ ለሰው የማወራላቸው ዓይነት አልነበሩም። «የት አየኸው» የሚለው ክፍል በተለይ ጠቃሚ ነው፤ መልሶቹን በአንድነት ሲያዩዋቸው ፍላጎት የሚመስለው ነገር ከጥቂት ሰዎችና ከጥቂት ገጾች የተቀዳ መሆኑ ይገለጣል።

ጥያቄው የተመሠረተበት ግምትም መሠረት አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያሳፍር ምስል ያለበት ካናቴራ ለብሰው በሌሎች ተማሪዎች ፊት የቀረቡ ወጣቶች ካዩዋቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ምስሉን እንዳስተዋሉ ገምተው ነበር፤ በእርግጥ ያስተዋለው ግን ሩብ እንኳ የማይሞላ ነበር። የሰው ዓይን እኛን ለማየት የሚያጠፋው ጊዜ ከምንፈራው በጣም ያነሰ ነው። ሆኖም በዚህ ዝርዝር ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሰው ሲያየው ብቻ ትርጉም የሚኖረው ነገር ሁሉ ለታይታ የተደረገ አይደለም። ለወዳጅ የሚሰጥ ስጦታ፣ ለሐዘንተኛ ክብር ሲባል የሚለበስ ልብስ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ወንበር ያለ ሌላ ሰው ትርጉም የላቸውም፤ የጥያቄው አቀራረብ ግን እነዚህን ከልታይ ባይነት ጋር በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል። «ለማን ብለህ?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ቢጨመርበት ይስተካከል ነበር።

ስለ ቀሪው አገልግሎት ብዙ የሚባል የለም። ማሳወቂያዎቹ ይበዛሉ፤ ሊጠፉ ግን ይችላሉ። ወርሃዊው ክፍያ ተጠቃሚው ካላቋረጠው በራሱ ይታደሳል፤ ማቋረጫውም ከመመዝገቢያው ይልቅ ብዙ ገጾችን ያስዞራል። ክፍያው የሚከፍታቸው ነገሮች የተራዘመው የጠባይ መግለጫ፣ በአደባባዩ የሚታይ ምልክት እና በግብይት ገጹ የሚገኝ ቅናሽ ሲሆኑ፣ ዝርዝሩ በነጻው ክፍል ሙሉ በሙሉ ይሠራል። ስለዚህ መተግበሪያውን መሞከር የሚፈልግ ሰው መጠይቁን ዘልሎ፣ የግብይት ምክሮችን ከቅንብሩ አጥፍቶ፣ ሳይከፍል ዝርዝሩን ብቻ ቢጠቀም ይበቃዋል። መዝገቡን ወደ ሌላ ቦታ ማውጫ መንገድ ስለሌለው ግን ለረጅም ጊዜ ሊያቆየው የሚሻ ሰው ሦስቱን ጥያቄዎች በተራ ደብተር ላይ ጽፎ ቢጀምር የሚጎድልበት ነገር የለም።