ኮምፕረሽን ስቶኪንግ በአዳማ ሙቀት ይለበሳል ወይ?

ፀጉር ቤት ነው የምሠራው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ። ማታ ማታ ባቴ ይከብዳል፣ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል፣ ደም ስሮቼም ተጠማዘው ወጥተዋል። ሐኪሙ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ጣቱ ክፍት የሆነ ኮምፕረሽን ስቶኪንግ፣ ማለትም እግርን ጫን አድርጎ የሚይዝ የላስቲክ ካልሲ አዘዘልኝ። ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ከማዘዙ በፊት የእግሬን ትርታ ዳሶ አየ፤ ደም ወደ እግር የሚያወርደው ደም ስር ለጠበበበት ሰው ይሄ ነገር ጉዳት አለው። «ለእኔም ግዢልኝ» የምትሉኝ ደንበኞቼ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ታዩ።

መሸጫው ላይ ግን ደሜ ፈላ። ልጁ እግሬን ከላይ እስከ ታች ቃኘና «አንቺ ላርጅ ነሽ» አለኝ። ነጠላ ጫማ መሰለው እንዴ! መጠኑ የሚታወቀው የቁርጭምጭሚትን ቀጭን ቦታና የባትን ወፍራም ቦታ ዙሪያ በሜትር ለክቶ ነው፣ ያውም ጠዋት እብጠት ሳይመጣ። ቤት ለክቼ የጻፍኩትን ካርቶኑ ላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር ሳስተያየው ሚዲየም ሆኖ አረፈው። ሰፊው ቢሸጥልኝ አይጫን፣ ቁልቁል ይንሸራተት ነበር። ዋጋው ደግሞ አይቀመስም።

ማጥለቁ ትግል ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ነው የማጠልቀው። እስከ ተረከዙ ድረስ እገለብጠዋለሁ፣ እግሬ ላይ ስስ ፌስታል አደርጋለሁ፣ ካልሲው በፌስታሉ ላይ ሸርተት ብሎ ይገባል፣ ከዚያ ፌስታሉን በክፍቱ ጣት በኩል መዝዤ አወጣዋለሁ። ወደ ላይ ለመግፋት የፀጉር ቀለም የምቀባበትን ጓንት አደርጋለሁ፤ ጨርቁን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፣ ጥፍርም አይቀደውም። ቅባት የተቀባ እግር ላይ ግን አይሞከርም፣ እሱን ለማታ። ከላይ ቢተርፋችሁም አትጠቅልሉት፣ የተጠቀለለበት ቦታ እግርን አንቆ ይይዛል።

ሙቀቱስ? ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ያልባል፣ ያሳክካል፣ አልዋሽም። ጣቱ ክፍት ባይሆን ኖሮ አውልቄ በወረወርኩት።

ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥበዋለሁ። በረኪና ከነካው ላስቲኩ አለቀለት። አልጠመዝዘውም፣ በፎጣ ጠቅልዬ ጫን ጫን ነው የማደርገው። ፀሐይ ላይ አላሰጣውም፣ ጥላ ውስጥ አነጥፈዋለሁ። ሁለት ጥንድ ካላችሁ ትገላገላላችሁ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይለበሳል። በየቀኑ ሲለበስ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይላላል፣ ያኔ መቀየር ነው።

ደም ስሮቹ አልጠፉም፣ በካልሲ አይጠፉምም። እብጠቱ ግን ጋብ ብሏል፣ ማታ ጫማዬን ሳወልቅ እንደ ድሮው አላቃስትም። ጣታችሁ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው አውልቁት። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ካመመ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት።

ቀለሙ የማይረባ ቡኒ ነገር ነው፣ ከቀሚስ ጋር አያምርም። አዳማ ውስጥ ጥቁሩን ያያችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።