ፋይዳ፦ በካርድ ያልታሰረ መታወቂያ

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ትልቁ ጥንካሬ ማንነትን ከአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ማላቀቁ ነው ብዬ አምናለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ይህ አገልግሎት የ10 ጣቶችን አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖች አይሪስ (ባለቀለሙን የዓይን ክፍል) እና የፊት ምስልን ከጥቂት የግል መረጃዎች ጋር መዝግቦ ባለ 12 አኃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጣል፤ ብሔርና ሃይማኖት አለመጠየቁም፣ በእኔ እይታ፣ ሊመሰገን የሚገባው ውሳኔ ነው።

ባለቤቱ በወረቀት ያተመውን፣ በስልኩ ያስቀመጠውን ወይም በካርድ ያሳተመውን ቢያቀርብ ልዩነት ሊኖረው አይገባም፤ ማረጋገጫው ያለው በመዝገቡ እንጂ በቅርጹ አይደለምና። በበይነ መረብ አገልግሎት ለማግኘትም ቁጥሩን አስገብቶ በአጭር መልእክት የሚደርሰውን የአንድ ጊዜ ኮድ መሙላት፣ ከዚያም የትኞቹ መረጃዎች ለተቋሙ እንደሚተላለፉ አይቶ መፍቀድ ይበቃል። ሥርዓቱ የተገነባው ሞሲፕ በተሰኘው ክፍት ሶፍትዌር ላይ ሲሆን፣ ኦፕን አይዲ ኮኔክት የተባለውን፣ ማንነትን በበይነ መረብ የማረጋገጫ ዓለም አቀፍ መስፈርት ስለሚከተል እያንዳንዱ ተቋም የራሱን መግቢያ ከባዶ መሥራት አያስፈልገውም።

ቅሬታዬ አጠቃቀሙ ላይ ነው። አንድ የባንክ ቅርንጫፍ በመታወቂያው ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ማንበብ እየቻለ የካርዱን ፎቶ ኮፒ ካላመጣህ አላስተናግድህም ብሎ መልሶኛል፤ ይህ የሥርዓቱን ዓላማ ከሥሩ የሚያፈርስ አሠራር ነው። ስልክ ቁጥሩን የቀየረ ሰው ደግሞ መረጃውን እስኪያስተካክል ድረስ ኮዱ አይደርሰውም። ስለዚህ ተመዝጋቢው በራሱ ስም የወጣ ሲም ካርድ እንዲያስመዘግብ፣ የስሙንም አጻጻፍ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ከመዝጋቢው ማያ ገጽ ላይ ሳያረጋግጥ ከወንበሩ እንዳይነሳ እመክራለሁ።