ቀለም የተሰካበት ዲኤንኤ ስታዙ ርካሹን አትምረጡ

ከቱቦዋ ሥር የጤፍ ፍሬ የምታክል ሰማያዊ ነጥብ ነበረች። ሳይ5 (Cy5) የሚባለው ቀለም የተሰካበት ዲኤንኤ ደርቆ ሲመጣ እንደዚህ ነው፤ ሳይ3 (Cy3) የሚባለው ደግሞ ሮዝ ነው። ሳያት ደስ አለኝ። ያረረኝ ከለካኋት በኋላ ነው።

ሥራዬ ዲኤንኤ ኦሪጋሚ ነው፤ የዲኤንኤ ክር አጥፎ ቅርጽ ማውጣት። ተመራማሪው ፖል ሮተመንድ አሜሪካ፣ ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳየው ዘዴ ማለት ነው፦ 7249 ፊደል ያለውን የኤም13 ቫይረስ ረጅም ክር ከ200 በላይ አጫጭር ክሮች ጋር ማግኒዥየም ያለበት ውሃ ውስጥ ትቀላቅሉታላችሁ፣ ታሞቁታላችሁ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ አጭር ክር ቦታውን ራሱ ፈልጎ ይይዛል። ማንም አይነካውም! አጭሩ ክር ላይ ብርሃን የሚመጥ ሞለኪውል ከሰካችሁ እሱም አብሮ ቦታውን ይይዛል። አንድ ጥንድ ፊደል 0.34 ናኖሜትር ስለሆነ ሁለት ቀለሞችን 5 ናኖሜትር አካባቢ አራርቆ ማስቀመጥ ይቻላል። ያኔ ሳይ3 የሞገድ ርዝመቱ 550 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ብርሃን መጥጦ ጉልበቱን ለሳይ5 ያቀብላል። ቅጠል ውስጥ ክሎሮፊሎች እርስ በርስ የሚቀባበሉት ዓይነት ነገር ነው፤ እኔን እዚህ ሥራ ላይ ያቆየኝም ይኸው ነው።

ቀለም የተሰካባቸውን ክሮች ሠርቶ ወደሚልክልኝ ድርጅት አገልግሎት ልምጣ። የፊደሉን ቅደም ተከተል ድረ ገጹ ላይ ትጽፋላችሁ፣ ቀለሙን ትመርጣላችሁ፣ በፖስታ ይመጣል። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ ፊደሉም አንድ አልተሳሳተም። ግን ርካሹን፣ ጨው ብቻ የተወገደለትን ነበር ያዘዝኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኦሪጋሚዬ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርጹ ልክ ነው፣ የሳይ5 ብርሃን ግን ደካማ። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ማግኒዥየሙን ቀያየርኩ፣ ማቀዝቀዣ ሰዓቱን አረዘምኩ። ልፋቴን ውሃ በላው።

በመጨረሻ ክሩን ብቻውን ለካሁት። ባለ 32 ፊደል ክር ላይ ሁሉም ሳይ5 ቢኖረው በ649 ናኖሜትር (ቀለሙ በሚመጥበት) የሚመጠው ብርሃን በ260 ናኖሜትር (ዲኤንኤው በሚመጥበት) ከሚመጠው 0.75 እጥፍ አካባቢ መሆን ነበረበት። ያገኘሁት 0.5 ነው። ከሦስቱ ክር አንዱ ባዶ ነው ማለት ነው። ሳይ3ቱም እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። አስቡት፣ ሁለቱም ቀለም በቦታው ያለበት ኦሪጋሚ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ሦስተኛ ቀለም ብጨምር ኖሮ 30 በመቶ ገደማ ነበር የሚቀረኝ። አብሮ የመጣው የክብደት መለኪያ ወረቀት ትክክለኛው ክር ቱቦው ውስጥ እንዳለ ያሳያል እንጂ ስንቱ ባዶ እንደሆነ አይነግራችሁም። ስጽፍላቸው በዚያ ዋጋ የቀለሙን መጠን ዋስትና እንደማይሰጡ መለሱልኝ። ይህን ከማዘዜ በፊት ገጹ ላይ በጉልህ ሊጽፉት ይገባ ነበር፤ በዚህ በጣም ነው ያዘንኩባቸው፣ ምክንያቱም ለጀማሪ ተማሪ ሦስት ሳምንት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ስታዙ ኤችፒኤልሲ (HPLC) በሚባለው የማጣሪያ ዘዴ የተጣራውን ውሰዱ። ውድ ነው፣ ግን ባዶውን ክር ከባለ ቀለሙ የሚለይላችሁ እሱ ነው። ቀለሙንም ከተቻለ ጫፍ ላይ ሳይሆን መሃል፣ በሁለት በኩል ከክሩ ጋር ታስሮ ይሰካላችሁ፤ ጫፍ ላይ በረጅም ማያያዣ የተንጠለጠለ ቀለም ይወዛወዛል፣ ርቀቱን በትክክል መናገር አይቻልም። ሁለት ሳይ5 በጣም አታቀራርቡ፣ ይደራረቡና ብርሃናቸው ይጠፋል (መደራረቡን ራሱን ማጥናት ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ነገር ነው)። ቱቦውን ከመክፈታችሁ በፊት ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ አዙሩት፣ አለዚያ ነጥቧ ብን ብላ ትጠፋለች። ከዚያ በፎይል ጠቅልሉት፤ ሳይ5 ብርሃንም ኦዞንም ይጎዳዋል።

ከዚያው ድርጅት የተጣራውን ደግሜ አዘዝኩ። ትናንት ደረሰ፣ ጓንቴን እንዳደረግኩ መጀመሪያ ያደረግኩት መለካት ነበር። 0.73።