አፍንጫ የማይወጋ ሳሙና ለመረጡልን እትዬ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ጀሞና አካባቢው የምትኖሩ፣ ልብስ የሚያጥብላችሁ ሰው የምትፈልጉ ይሄን አንብቡ። ሰው የማትፈልጉም ብትሆኑ ሳሙና መግዛታችሁ አይቀርምና አንብቡት።

ሰፈራችን ውስጥ ትልቁም ትንሹም «እትዬ» ብሎ የሚጠራቸው ልብስ አጣቢ አሉ። ስማቸውን ልጽፍ ብዬ ሳስፈቅዳቸው «እኔ ምን ሆኜ ነው ስሜ በየሰዉ ስልክ የሚዞረው?» አሉኝ። ስለዚህ እዚህም እትዬ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ይመጣሉ። የማመሰግናቸው በደንብ ስለሚያጥቡ ብቻ አይደለም። በደንብ የሚያጥብ ሰው ሞልቷል። እትዬ ግን ለቤታችን የሚሆን ሳሙና መረጡልን፤ እኛ ቤት ደግሞ ይሄ ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ አስም አለባት። ሽቶ የበዛበት ሳሙና ከሆነ ገና አንሶላው ሲነጠፍ ሳል ይጀምራታል። አስም ያለበት ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ኃይለኛ ሽታ ግን አስም ከሚቀሰቅሱ ነገሮች አንዱ ነው። ባለቤቴ ደግሞ «ልብሱ ምንም ካልሸተተ የታጠበ አይመስለኝም» ባይ ነው። አንዷ ትስላለች፣ አንዱ ያኮርፋል። በዚህ መሐል እህቴ ከዱባይ ስትመጣ አንድ ትልቅ ጠርሙስ የልብስ ማለስለሻ ይዛልን መጣች። እግዜር ይስጣት፣ መዓዛው አይጠላም። ግን እኛ በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰጣ ታች ግቢ ያሉት ሰዎች ቀና ብለው ያያሉ።

እትዬ ጠርሙሱን ከፈቱት፣ አሸተቱት፣ መልሰው ከደኑት። «ይሄ የሰርግ ነው» አሉና ወደ ሳፋቸው ተመለሱ። ሌላ ምንም አላሉም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከየሱቁ የለቃቀሟቸውን ትናንሽ የዱቄት ሳሙና ፓኬቶች በፌስታል ይዘው ከች አሉ። በራሳቸው ገንዘብ ነው የገዙት። እንዳልመልስላቸው ሊከራከሩኝም ሞክረዋል።

ቀጥሎ ያደረጉትን ነገር እስካሁን ለሰው ሁሉ አወራለሁ። ነጫጭ የጥጥ ትራስ ልብሶች አወጡ። እያንዳንዱን ጥግ ላይ በተለያየ ቀለም ክር ወጋ ወጋ አድርገው ምልክት አደረጉበት። ቀዩ ክር ለዚህኛው ፓኬት፣ አረንጓዴው ለዚያኛው። ውኃው እኩል፣ ሳሙናው እኩል፣ ማለቅለቁም እኩል። ጥላ ቦታ ላይ አሰጧቸውና ሲደርቁ አጣጥፈው ለየብቻ አስቀመጧቸው። «ዛሬ ማንም እንዳያሸት» ብለው ሄዱ። በሳምንቱ ሲመጡ ነው እንድናሸት የፈቀዱልን። ያውም ከእኛ በፊት ጎረቤታችንን አስጠሩ። «የእናንተ አፍንጫ የቤታችሁን ሽታ ለምዶታል፣ አይታመንም» አሉ።

ልክ ናቸው። አፍንጫ አንድን ሽታ ደጋግሞ ሲያገኘው መስማት ይተዋል። ሰው ሳሙናው «ሽታው ቀነሰ» እያለ የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። እሱ አይሰማውም እንጂ አጠገቡ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠው ሰው በደንብ ይሰማዋል።

ሱቅ ውስጥ ፓኬት ማሽተትም ብዙ አይጠቅምም። ስንከፍተው ቦግ ብሎ የሚመጣው ሽታ ቶሎ የሚተነው የሽቶው ክፍል ነው። የሎሚና የብርቱካን ዓይነት መዓዛ ከዚህ ወገን ነው። እሱ አብዛኛው በማለቅለቂያው ውኃና በንፋሱ ይሄዳል። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ከባዱ፣ ቀስ ብሎ የሚተነው ክፍል ነው። ሱቅ ውስጥ ሎሚ ሎሚ ያለን ሳሙና ቁም ሳጥን ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ቢገኝ አይግረማችሁ። ከትራስ ልብሶቹ አንዱ እንዲህ ነበር። ፓኬቱ ሲከፈት ሁላችንም የወደድነው፣ ጨርቁ ላይ ግን እናቴ ከክንድ ርቀት «ውሰጂልኝ» ያለችው።

ያሸነፈው ባለ ሰማያዊ ክሩ ነው። ጨርቁን ወደ ፊት ካላስጠጉት አይሸትም። ሲያስጠጉት ትንሽ ነገር አለ፣ ንጹህ ንጹህ የሚል። እናቴ ትራሱ ላይ ተኛችበት፤ አላሳላትም። ባለቤቴም ሸሚዙን ሲለብስ አንገቱ አካባቢ ትንሽ መዓዛ ስለሚያገኝ ኩርፊያውን ትቷል።

«ስሙን ንገሪን» እንደምትሉ አውቃለሁ። አልጽፈውም። ማስታወቂያ ሊመስልብኝ ነው፤ ከዚያም በላይ ብዙም አይጠቅማችሁም። እኛ አገር ዱቄት ሳሙና ሁሉ ኦሞ፣ ፈሳሹ ሁሉ ላርጎ ነው የሚባለው፤ እውነቱ ግን አንዱ ድርጅት ብቻውን የተለያየ ሽታ ያላቸው ብዙ ዓይነቶች ያወጣል። ለእናቴ የተስማማው ለእናንተ ቤት ላይስማማ ይችላል። ትንሽ ፓኬት ገዝታችሁ አንድ ትራስ ልብስ ብታጥቡበት ከእኔ ምክር የተሻለ ይነግራችኋል።

ከአውሮፓ የመጣ ሳሙና ካገኛችሁ ግን ጀርባውን አንብቡ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አለርጂ ያመጣሉ የተባሉ የሽቶ ንጥረ ነገሮች ከ0.01 በመቶ በላይ ከገቡ በስማቸው እንዲጻፉ ያዛል። ሊሞኔን፣ ሊናሎል የሚሉ ስሞች ታያላችሁ። የመጀመሪያው ብርቱካን ልጣጭ ውስጥ፣ ሁለተኛው ላቬንደር ውስጥ በተፈጥሮ አለ። ስለዚህ «ተፈጥሯዊ መዓዛ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ቆዳው ለሚቆጣ ሰው ዋስትና አይሆንም። እትዬ ይሄን ሁሉ አያነቡም፤ እኔ ነኝ የማነበው። እሳቸው ጨርቁን ያሸታሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እትዬ እንደሚሉት ጥፋቱ ከሳሙናው ዓይነት ይልቅ ብዛቱ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ውኃ በፈረቃ ነው። ሮቶው ባዶ ሲሆን በጀሪካን ነው የምናጥበው። ሰው ሳሙናውን በእፍኝ ይጨምርና ለማለቅለቅ ሲደርስ ውኃ ይሰስታል። ሳሙናው ጨርቁ ውስጥ ይቀራል። ከሳሙናው ጋር ሽቶውም ይቀራል፣ የለቀቀው እድፍም አብሮ ይቀራል። ልብሱ ሲደርቅ ይከረደዳል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ላብ ሲነካው ደግሞ የሽቶና የላብ ቅልቅል ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ሰዉ «ይሄ ሳሙና አይረባም» ብሎ ሌላ፣ የበለጠ የሚሸት ይገዛል።

አረፋ ማጽጃ አይደለም። ይሄን ለማመን እኔም ጊዜ ወስዶብኛል፤ ሳፋው ነጭ ካልሆነ የታጠበ አይመስልማ። የሚያጸዳው ውኃው ውስጥ የሟሟው ሳሙና ነው፤ አረፋው ከላይ የሚታይ ነገር ነው። እትዬ ዱቄቱን መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ በጆግ ያሟሙታል። ልብሱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ደረቅ ዱቄት ልብስ ላይ ሲበተን ካዩ ይቆጣሉ። ለማለቅለቅ ደግሞ መለኪያቸው ጣታቸው ነው። እርጥቡን ጨርቅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያሹታል። ካንሸራተተ ሳሙና አለ፣ እንደገና ይለቀለቃል። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውኃ አይደፉትም፤ ለቀጣዩ ዙር መዘፍዘፊያ ይሆናል። ስለዚህ የውኃ ወጪያችን አልጨመረም። ማሽን ያላችሁ ደግሞ የማሽን ተብሎ የተሠራውን፣ አረፋው ትንሽ የሆነውን ግዙ።

ክረምት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ልብሱ ሳይደርቅ ይውላል፣ ያድራል፣ ከዚያ ያ የታወቀው የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ይመጣል። ይሄ የሳሙና ማነስ አይደለም። የጃፓን ተመራማሪዎች ሽታውን ያመጣል ብለው ያገኙት ሞራክሴላ የሚባል የባክቴሪያ ዓይነት ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ይራባል። ሽቶ ብትጨምሩበት ሁለት ሽታ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። እትዬ ዘፍዝፎ ማሳደርን አይወዱም። የታጠበ ልብስ ሳፋ ውስጥ ተከምሮ ቡና እስኪፈላ መጠበቅንም አይወዱም። ወዲያው ተጨምቆ፣ ተራግፎ፣ ተራርቆ ይሰጣል። የልጄን የኳስ ማሊያ ደግሞ ገልብጠው ነው የሚያጥቡት። ፖሊስተር የላብ ቅባት ይይዛል፤ ሽታው ከውስጥ በኩል ነው ያለው። ለፎጣ ማለስለሻ የሚባል ነገር አያስነኩም፤ ጨርቁን ስለሚሸፍነው ውኃ በደንብ አይመጥም። በረኪና ለነጭ ጥጥ ብቻ፣ ያውም በትንሹ። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ እንዳትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

የእናቴን ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡት ግን በእንዶድ ነው። የደረቀውን ፍሬ ወቅጠው፣ በጥብጠው፣ አጥልለው። እናቴ በዚህ በጣም ተደስታለች። እንዶድ ሽታው ቀላል ነው፣ ሲደርቅ ብዙም አይቀርም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው በቀንድ አውጣ በኩል ለሚተላለፈው ቢልሃርዚያ መከላከያ እንደሚሆን የደረሱበት። ይሄን ለእትዬ ስነግራቸው «ታዲያ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፉ በያቸው» አሉኝ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። በበዓል ቀን ደግሞ ነጠላው ከደረቀ በኋላ እጣን ላይ አለፍ ያደርጉታል፣ እናቴ ሌላ ክፍል ስትሆን። ሽታ ከተፈለገ የሚጨመረው ያን ጊዜ ነው ይላሉ።

ልትጠሯቸው ካሰባችሁ እውነቱን ልንገራችሁ። ዋጋቸው ከሰፈሩ ዋጋ ከፍ ይላል። ምንጣፍ አያጥቡም። ክረምት ላይ ብርድ ልብስ ካወጣችሁባቸው በትሕትና መልሰው ያስገቡላችኋል። ምሳና ቡና የግድ ነው፣ ቡናው ደግሞ ቀጠን ካለ ይነግሯችኋል። ቸኩሎ ላጥብ የሚል ሰው ከፈለጋችሁ እሳቸው አይሆኑም። ጠንቃቃ፣ ታማኝ፣ ኪስ ውስጥ የተረሳች አምስት ብር እንኳ መስኮት ላይ አድርቀው የሚመልሱ ሰው ከፈለጋችሁ ግን እሳቸው ናቸው።

እትዬ፣ ልጅዎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እናቴ ሌሊቱን ሳትስል ታድራለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የፓኬቶቹን ገንዘብ አሁንም አልተቀበሉኝም፤ ቅዳሜ እንነጋገራለን።

ማክሰኞና ሐሙስ ክፍት እንደሆኑ ነግረውኛል። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ሳሙና ቀድማችሁ አትግዙ፣ መጀመሪያ ቤታችሁ ውስጥ ማን እንደሚያስለው ይጠይቋችኋል። በወር በ12 ደግሞ አትደውሉላቸው፤ ሚካኤል ነው፣ አያነሱም።